በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም

ሎኮ የልጇን ሥራ ለጎረቤት ማስረዳት ያቃታት ሴት ነበረች። የሌላው ሰው ልጅ ሥራ በአንድ ቃል ያልቃል፤ ነርስ፣ ሾፌር፣ ወታደር፣ ባለሱቅ። የሷ ጃለኔ ሐዋሳ ተቀምጣ የምታስተምረው ትምህርት ግን ስሙ ራሱ ምላስ ያስራል። አንትሮፖሎጂ። ሎኮ ልትለው ሞክራ ሞክራ ትታዋለች። ነገሌ ገበያ ላይ ሲጠይቋት፣ «ሰውን ስለ ሰው ትጠይቃለች» ትላለች። «ታዲያ ይኼ ሐሜት አይደል እንዴ?» ብለው ይስቁባታል። አብራ ትስቅና፣ ደመወዝ ያለው ሐሜት መሆኑን ሳትነግራቸው አትሄድም።

አንድ ዓመት ጃለኔ ለጥናት መጥታ ሳለ ፊት ለፊት ጠየቀቻት። ጃለኔ እግሯን ዘርግታ ጀመረች።

«አዮ፣» አለቻት፣ ቦረና እናቱን እንደሚጠራው፣ «አንድ ሰው ሲታመም አራት ዓይነት ጠያቂ ያስፈልገዋል። አንዱ ደሙንና አጥንቱን ያያል፤ ከአያት ከቅድመ አያቱ ምን ወርሶ እንደመጣ። አንዱ ወጉን ያያል፤ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ማንን ዘመዴ እንደሚል። አንዱ አነጋገሩን ያዳምጣል፤ ሕመሙን በምን ቃል እንደሚናገር፣ ምኑን እንደሚያልፈው። አንዱ ደግሞ የጥንት መቃብርና አመድ ቆፍሮ፣ በሽታው ከመቼ ጀምሮ ከሰው ጋር እንደኖረ ይፈልጋል። ሐኪም አራቱንም ቢሰማ ብዙ ሰው ይድናል።»

«ለአንድ በሽተኛ አራት ሰው?» አለች ሎኮ። «እዚህ ሊበን ወረዳ ለአራት ቀበሌ አንድ ሐኪም አጥተናል እኮ!»

ጃለኔ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ይህንን ለተማሪዎቼ ሳልነግር አልቀርም አለች፤ ነግራቸዋለችም አሉ።

የዚያን ዓመት ጥናቷ ስለ ወባ ነበር። ሰው ትኩሳቱ ሲለቀው ለምን የቀረውን ክኒን እንደሚጥል፣ ለማን እንደሚያካፍል፣ ለምን ለከርሞ እንደሚያስቀምጥ፣ በየመንደሩ እየዞረች ትጠይቃለች። የሚያዞራት ወንድሟ አረሮ ነው። አረሮ አይሱዙ የሚነዳ፣ ከብት ጭኖ በክብረ መንግሥትና በቦሬ በኩል ሽቅብ የሚወጣ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቶት ሚስት አግባ ሲሉት የመኪናውን ጎማ መፈተሽ የሚጀምር ልጅ ነበር። በእህቱ ይኮራል። እሷ ሰው ሰብስባ ስትናገር ከኋላ ቆሞ ይሰማል፤ ሰምቶም ይዟል። «የጀመሩትን መድኃኒት ሳይጨርሱ መተው ለበሽታው ስንቅ መቋጠር ነው» የምትለውን አባባሏን ለጭነት ሠራተኛው ሁሉ ይሰብክ ጀመር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። አረሮ ሞኝ አልነበረም፤ የያዘውን አለመልቀቁ ግን እውነት ነው።

አሁን ነገሌ ውስጥ ሰው የማያወራውን እናውራ። አረሮ ከሎኮ ማኅፀን አልወጣም።

በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግንቦት፣ ሠራዊቱ ሲፈርስ፣ በነገሌ የጦር ሰፈር ዙሪያ ከየአገሩ የመጣ የወታደር ቤተሰብ ነበር። ሎኮ ለዚያ ሰፈር እንጨት ትሸጥ ነበርና አሪየት ከምትባል የጋምቤላ ሴት ጋር ወዳጅነት ገጥማለች። ሁለቱም አማርኛ በቅጡ አይችሉም፤ ምናልባት ለዚህ ይሆናል በደንብ የተግባቡት። የአሪየት ባል ሰሜን ሄዶ አልተመለሰም። በእቅፏ ገና ጥርስ ያላወጣ ወንድ ልጅ ቀርቷታል፤ እሱም ትኩሳት ይዞታል። ሰፈሩ ተነቅሎ ወደ ሞያሌ ሲጎርፍ፣ ያንን መንገድ ያ ልጅ እንደማይችለው ለማንም ግልጽ ነበር። ሎኮና ባሏ ጃልዴሳ ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር አልነበራቸውም።

ነገሩ በሸፍጥ አልተደረገም። ሽማግሌ ተቀምጧል፣ እርጥብ ሣር ተይዟል፣ የልጁ አናት ቅቤ ተቀብቷል። «ከዛሬ ጀምሮ የጃልዴሳ የበኩር ወንድ ልጅ ነው። ሌላ ነው የሚል አፉ ይታሰር» ተባለ። ጉዲፈቻ እንዲህ ነው፤ ልጁን ያሳድጉታል ብቻ ሳይሆን ይወልዱታል። የጎረቤት ዶሮ ስታስነጥስ ወሬው ከተማ በሚያዳርስበት አገር፣ ይህንን ነገር አንድም ሰው፣ በጠብ ጊዜ እንኳ፣ ካፉ አላወጣውም። ጃልዴሳ ሲሞት አረሮ እንደ በኩር ልጅ ቀበረው። ሲቆጥርም ከጃልዴሳ ተነሥቶ የአባቶቹን ስም ሳይስት ሽቅብ ይወጣል።

አሪየት ስትሄድ አላለቀሰችም፤ ልቅሶው ያኔ ገና አልደረሰላት ይሆናል። ልጁን ሰጥታ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «ወባ ሲይዘው ክኒኑን አይታችሁ ስጡት። በእናቴ ቤት ወንዶቹ የማይችሉት ክኒን አለ። ወንድሜ ውጦት ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሽንቱ የቡና አተላ መሰለ፤ ሞተብን።» ሎኮ ይህንን ቃል በሆዷ ይዛ ልጁን አሳደገች። ገና ትንሽ ሳለ ወባ በያዘው ቁጥር አጠገቡ ቁጭ ብላ ሽንቱን ታያለች። እሱ ግን የተሰጠውን ውጦ ይድናል። ደግሞ ይይዘዋል፣ ደግሞ ይድናል። እያደር ፍርሃቷ ለቀቃት። ቃሉን አልረሳችውም፤ ተኝቶ ነበር እንጂ።

በሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ ዝናቡ እንዳበቃ፣ አረሮ ከዳዋ ወንዝ በኩል ወባ ይዞ መጣ። ጤና ጣቢያ ሄዶ የተለመደውን መድኃኒት ሰጡት። በላዩ ላይ ደግሞ አዲስ ነገር ጨመሩለት፤ ጉበት ውስጥ ተደብቃ እየቆየች የምትነሣውን ወባ የሚጨርስ፣ ሁለት ሳምንት የሚዋጥ ክኒን። ነርሷ ከመስጠቷ በፊት፣ «ከቤተሰብህ መድኃኒት ውጦ ሽንቱ የጠቆረበት፣ ደም ያነሰው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀችው። እንደ ደንቡ ነው የጠየቀችው። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» አለ አረሮ፣ ደረቱን ነፍቶ። ካላመንሽ ልቁጠርልሽ ብሎ አባቶቹን ሲቆጥርላት ነርሷ ሳቀች። ይህንን ሁሉ እቤት ገብቶ ለሎኮ ሲተርክላት እሷም ሳቀች። ወዲያው ሳቋ አፏ ላይ ደረቀ።

ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። የወፍ በሽታ ነው፣ ወባው ያመጣው ነው፣ ይለቃል አለ። ከበር እስከ መኪናው ሄዶ ሲመለስ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ልቡ ከሸሚዙ በላይ ስትመታ ትታያለች። አንድ ማለዳ ሎኮ ወደ ጓሮ ስትወጣ፣ አረሮ ሸንቶ በሄደበት አጥር ሥር አንድ ነጭ ድንጋይ አየች። ድንጋዩ ላይ የፈሰሰው የቡና አተላ ይመስላል።

መጀመሪያ ክኒኑን ሰርቃ የጣሪያው ሣር ውስጥ ሸጎጠችው። አረሮ ቢፈልግ ቢፈልግ ሲያጣ ጤና ጣቢያ ሄደ፤ «እናቴ መድኃኒት አትወድም» ብሎ ሌላ ይዞ ተመለሰ። ቀጥላ ለመነችው። «ተወው ልጄ፣ አላማረኝም።» «ምኑ ነው ያላማረሽ?» «እንዲያው ዝም ብሎ።» «አዮ፣ ‹እንዲያው ዝም ብሎ› የሚሉትን ሰዎች ነው እኮ ጃለኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታጠና የከረመችው!» አለና ሳቀ። ሲስቅ ድዱ ነጭ ሆኖ ታያት።

ለጃለኔ ደውልልኝ አለችው። ሎኮ ስልክ መደወል አትችልም። ደወለላት። መያዝም ስለማትችልበት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ እሱው ራሱ በእጁ ይዞ ባፏ ትይዩ አቆመላት።

«አካም አዮ፣ ናጋ?» ብላ ደኅንነቷን ጠየቀች ጃለኔ ከሐዋሳ፤ ከኋላዋ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል።

«ናጋ ነው። ልጄ፣ ለወንድምሽ ክኒኑን ተው በዪው። አልተስማማውም።»

«እንዴት አልተስማማውም?»

«ዓይኑ ቢጫ ሆኗል። ሽንቱም...» አለች ሎኮ።

«ወባ እኮ እንዲህ ያደርጋል እታለም!» አለ አረሮ ጣልቃ ገብቶ። «ልትጨርሰኝ ነው፤ ክኒኔን ጣሪያ ውስጥ ደብቃ ነበር!»

ጃለኔ ሳቀችና ወዲያው ድምፅዋን ሰብሰብ አደረገች፤ የአስተማሪ ድምፅ መጣ። «አዮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽና በደንብ አስቢ። በእኛ ዘር መድኃኒት እንዲህ ያደረገው ሰው አለ? አያቶቼ፣ አጎቶቼ፣ የሞቱትም ቢሆን?»

ይሄ ነው ጥያቄው። ሰው ከታመመ በኋላ ይህንን የሚጠይቅ ሰው ማግኘት ዕድል ነው። ጠያቂዋም ትክክለኛዋ ሰው ነበረች። ሎኮ ግን ስልኩን የያዘውን እጅ ትመለከት ነበር፤ ጣቶቹን፣ ከመሪ የመጣውን ጠባሳ። ሣር ተይዞ የተማለው መሐላ ስለሷ መለሰላት።

«የለም» አለች። «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም።»

«እንግዲያው ይጨርስ አዮ። ቢያቋርጥ ይነሣበታል። ካልተሻለው ነገ ሆስፒታል ይታይ፤ እሺ?» ደወል ተደወለ፣ ጃለኔም ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግሥቱ አረሮ ከአልጋው ጫፍ ተደግፎ ተቀመጠ። ውኃውን በአንድ እጁ ይዟል፣ ክኒኑ በሌላኛው መዳፉ ላይ ነው። ሎኮ ፊቱ ተንበረከከች። እናት ልጇ ፊት አትንበረከክም፤ እሱም ደነገጠ።

«ተነሺ እንጂ አዮ! ምን ሆነሻል?»

«አትዋጠው። ዘጠኝ ወር በተሸከመህ...» አለችና አቋረጠች። እናት ሁሉ ልጇን የምታስምልበትን፣ በየሰፈሩ በየቀኑ የሚባለውን ቃል መጨረስ አቃታት። አረሮ ውኃውን አስቀመጠ።

«በተሸከመህ ምን?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይህን ታውቃለች። ካልወጣ ግን ክኒኑ ይዋጣል። መሬት መሬት እያየች ነገረችው።

«እኔ አልተሸከምኩህም። አልወለድኩህም። የወለደችህ አሪየት የምትባል ከጋምቤላ የመጣች ሴት ናት። ወንድሟን፣ አጎትህን ማለት ነው፣ የወባ ክኒን ገደለው። ልክ እንዳንተ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጠቁሮ። ይህንን አደራ ብላ ሰጠችኝ። አትዋጠው አረሮ። እኔን የፈለግኸውን በለኝ፣ እሱን ግን አትዋጠው።»

አረሮ መዳፉን አየ። ክኒኑን በርጩማው ላይ አስቀመጠው፤ አልወረወረውም። ቀና ብሎ ጠየቀ።

«አባቴ ያውቅ ነበር?»

«እሱ አይደል የተቀበለህ።»

«ጃለኔስ?»

«ስትመጣ ስምንት ዓመቷ ነበር።»

«መንደሩስ?»

ሎኮ ክኒኑን ከበርጩማው ላይ አንሥታ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

«ታዲያ የማላውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለ።

ከዚያ በኋላ ጎረቤቶች አንሥተው ባጃጅ ውስጥ አስገቡት፣ ሆስፒታልም አስተኙት። ዶክተር ፍሬሰንበት የሚባል ወጣት ሐኪም ደሙን አስመርምሮ ራሱን ያዘ። የቀረው ደም ለአንድ ሕፃን አይበቃም አለ። ሎኮን ወደ ጥግ ወስዶ፣ «እማማ፣ ክኒኑን ማን አስቆመው?» ሲላት፣ «እኔ» አለችው። «የዚህ ምርመራ እዚህ የለንም። ትንሽ ቢቀጥል ኖሮ አንደርስለትም ነበር። አንቱ ነዎት ያዳኑት» አላት። ሰው እንዲህ ሲባል ደስ ይለዋል። ሎኮ ግን ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ጃለኔ የቦሬን ብርድ አሳልፋ፣ የክብረ መንግሥትን አቧራ ለብሳ ደረሰች። ደም ሲፈለግ የሷ ገጠመ። ከረጢቱ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ ሲንጠባጠብ ሎኮ እያየች ተስፋ አደረገች፤ ተስፋ መቼም አያፍር። «ዶክተር፣ አሁንማ የእህቱ ደም ገባው። ዘመድ ሆኑ ማለት ነው አይደል?»

«አይ እማማ» አላት ፍሬሰንበት በየዋህነት፣ «የደም ዓይነት የዝምድና ነገር አይደለም። የማንም መንገደኛ ሊገጥም ይችላል።»

ለአንዲት አፍታ እንኳ ቢዋሻት ምን ነበረበት! አንዳንድ የተማረ ሰው እንዲህ ነው፤ ያልጠየቁትን እውነት ይመርቅልሃል።

ማታ ላይ እናትና ልጅ ግቢው ውስጥ ካለችው ግራር ሥር ተቀመጡ። ጃለኔ ክንዷ ላይ የተለጠፈውን ጥጥ እየነካካች ትናገር ጀመር፤ ለእናቷ ይሁን ለራሷ አይለይም።

«በደሙ ያለው ነገር የጥንት ነው። ወባ በበዛበት የወንዝ ዳር ለብዙ ሺህ ዓመት የኖረ ሕዝብ ደም ውስጥ ይገኛል። ከወባ ይከላከላል፣ አንዳንድ መድኃኒት ሲመጣ ግን በሰውየው ላይ ይዞራል። ከእናት ይወረሳል፣ በወንድ ልጅ ላይ ይበረታል። ይህንን እኮ አስተምራለሁ አዮ። ጠዋት ክፍል ገብቼ ይህንን አስተምራለሁ። ከሻይ በኋላ ሌላ ክፍል ገብቼ፣ ዘመድ ማለት ሰው ዘመዴ ያለው ነው፣ ደም ሳይሆን ቃል ነው ብዬ አስተምራለሁ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ተኝተው አይቼ ግን አላውቅም ነበር።»

«በስልክ ጠየቅሽኝ» አለች ሎኮ።

«የእኛ ዘር ብዬ ነው የጠየቅሁሽ። እሱም ዘራችን ነዋ! አዮ፣ እኔ ረስቼው ነበር።»

«ረሳሽው?»

«ድራሹ ጠፍቶብኝ ነበር። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ቅቤውን ሲቀቡት ቆሜ አይቻለሁ። ግን ወንድሜ ከሆነ በኋላ ወንድሜ ሆነ በቃ። ሥራዬ ይህንን መጠየቅ ሆኖ ሳለ፣ ስጠይቅሽ ትዝ አላለኝም።»

ሎኮ ልጇን አቀፈቻት። ከመሐላው ሁሉ፣ ከሣሩና ከቅቤው ሁሉ፣ ይህ መርሳቷ አስለቀሳት። ከዚህ በላይ እህትነት ከየት ይመጣል? አብረው አለቀሱ። ጃለኔ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ማለት ያልነበረባትን አንድ ነገር ጨመረች። «ምነው ‹ደምህ ይህን መድኃኒት አይችልም› ብቻ ብትዪው። የወለደችህ ሌላ ናት ማለት እኮ አያስፈልግም ነበር። ይበቃው ነበር።»

ሎኮ ቀና ብላ አየቻት። እንዲህ ያለ ቀላል ውሸት እንዳለ አልታሰባትም ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ነገር ብቻ ዋሽታ፣ ሌላ ውሸት ሳትለምድ ቀረች። ያ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግባታል። ቢበቃው ነበር ይሆን? ማንም አያውቅም።

አረሮ ዳነ። ሽንቱ ጠራ፣ ዓይኑ ነጣ፣ ድዱ ቀላ። ጃለኔ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ብዙ ነገረችው። ሰማት፣ እጇንም አልገፋም። ከሆስፒታል ሲወጣ ግን ከተማ ጓደኛው ዘንድ አረፈ። ለመኪናው ይቀርበኛል አለ። በኋላ መኪናውን ለባለቤቱ አስረከበ። መሐላ የፈረሰባቸው ሽማግሌዎችም ሎኮን ሊቀጡ ተቀመጡ፤ ሰምተዋት፣ አንዱ ባንዱ ፊት መሬት ሲጭር ቆይቶ፣ ሳይቀጧት ተነሡ። ወደ ሐዋሳ የምትመለሰው ጃለኔ ጊዜ ስጪው አለቻት። ሎኮ ጊዜ ሰጠችው፤ ሌላ ምን ነበራት?

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መጣ። ከስቶ ነበር፣ ሸሚዙ አዲስ ነው፣ ትከሻው ላይ ቦርሳ አንግቷል። በሩ ክፍት ነበር። እሱ ግን ደጅ ላይ ቆሞ «ናጋ ነው?» ብሎ ተጣራ።

«ግባ እንጂ» አለች ሎኮ፤ ስታስበው ይህንን ለሱ ብላው አታውቅም።

ገባና በር ጎን ተቀመጠ። ጋምቤላ ሊሄድ ነው። አሪየት በሕይወት ትኑር አትኑር አያውቅም፤ የአገሯን ወንዝ ግን ላየው እፈልጋለሁ አለ። መልካም ነው አለችው። ወደ ኋላው ክፍል ሄዳ የተሰቀለውን የወተት ጮጮ አወረደች። በነገሌ ያለ ወንድ ልጅ እናቱ ቤት ገብቶ ወተት አይጠይቅም፤ ራሱ አውርዶ፣ ቆሞ፣ እያንጎራጎረ ይጠጣል፣ ክዳኑንም የትም ጥሎ እናቱን ያስጮሃታል። አረሮም ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ነበር የጠጣው። ዛሬ ተቀምጦ ጠበቀ። ስትሰጠው በሁለት እጁ ተቀበለ። ቀስ ብሎ ጠጣ፣ ከንፈሩን ጠረገ፣ ክዳኑን በደንብ ገጠመ።

«ገለቶሚ አዮ» አላት። አመሰግናለሁ።

ልጅ እናቱን ለወተት አያመሰግንም። ሎኮ ባዶውን ጮጮ ተቀበለችው። ቦርሳውን አንሥቶ ሲወጣ እስከ አጥሩ ሸኘችው። ለልጇ መቼም ብላው የማታውቀውን፣ እንግዳ ሲሄድ የሚባለውን አለችው።

«ናጋን ገሊ» አለች፤ ወደ ቤትህ በሰላም ግባ።